ከሥሩ ሰው የሌለበት አሸዋ

አንድ ሰው የሚያውቀውን እውነት ተናገረ። አልዋሸም። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። በዚያ እውነት ምክንያት ግን ወንድሙ ሞተ። ይህ ሰው የበደለው ምንድን ነው?

ጥያቄው የእኔ አይደለም። ሰውዬው ራሱ ነው፣ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ የኋላ ወንበር ላይ ቀርቶ የጠየቀኝ። መልስ ይዞ እንደ መጣ ሰው አትስሙኝ። ታሪኩን ግን እንድነግራችሁ ፈቅዶልኛል።

ሰውዬው ፊዚክስ ነው የተማረው፣ ሩቅ አገር። ከፊዚክስም እስከ መጨረሻው በትክክል የሚፈቱ ሞዴሎች የሚባሉትን። በቀላሉ ላስረዳችሁ፤ እኔም የገባኝ በቀላሉ ሲነገረኝ ነው። ውሃ ሲፈላ፣ ብረት ማግኔት ሲሆን፣ አፈር ሲንሸራተት፣ በውስጡ ስፍር ቁጥር የሌለው ቅንጣት አለ። አንዱ ሌላውን ይነካል፤ የተነካው ደግሞ ጎረቤቱን ይነካል። ይህን ማንም አስልቶ አይጨርሰውም። ታዲያ ሊቃውንቱ ምን ያደርጋሉ? በወረቀት ላይ ትንሽ ዓለም ይሠራሉ። ከእውነተኛው ዓለም ብዙ ነገር ይተዋሉ፤ የቀረውን ግን አንድም ሳያስቀሩ ይፈቱታል። ግምት የለም። ወደዚህ ገደማ ነው ማለት የለም። መልሱ መልስ ነው።

የዚህ ሰው ትንሽ ዓለም የአሸዋ ክምር ነበረች። የወረቀት አሸዋ። ወረቀቱን እንደ ዳማ ሰሌዳ በካሬ በካሬ ትከፍሉታላችሁ። ካሬዎቹ ላይ አሸዋ አንድ በአንድ ትጥላላችሁ። አንዱ ካሬ አራት ቅንጣት ሲሞላው ይናዳል፤ ለአራቱ ጎረቤቶቹ አንድ አንድ ያድላቸዋል። ጎረቤቱም ከሞላ በተራው ይናዳል። ከሰሌዳው ጫፍ ያለፈ ይወድቃል፣ ይጠፋል። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው።

አሁን የሚያስደንቀውን ስሙ። ብዙ ካሬዎች በአንድ ጊዜ ቢሞሉ፣ የትኛውን ቀድማችሁ ብትንዱት ለውጥ የለውም። ከዚህ ጀምሩ፣ ከዚያ ጀምሩ፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ክምር አንድ ነው። በዚያ ዓለም ቀዳሚና ተከታይ የለም። ያ ሰሌዳ እስከ መጨረሻው የሚፈታውም በዚህ ነው። ሰውዬው ይህን ሲያስረዳኝ፣ በዚያ ሐዘኑ ውስጥ እንኳ፣ ፊቱ ለአፍታ በራ።

ውብ ነው፣ አይደለም? ውብ ነው። ውብ ባይሆን ማንም ባልሰማው ነበር።

ታላቅ ወንድሙ ላምቤቦ ይባላል። በደቡብ፣ ወንዝ ዳር ባለ የአሸዋ መቆፈሪያ ካባ ውስጥ የቆፋሪዎች አለቃ ነበር። ታናሹ ተምሮ ሲመለስ ይዞት ወደ ካባው ወረደ። ሌላ ጉዳይ አልነበረውም፤ እዩልኝ ለማለት ነው።

«ወንድሜ ነው። ዶክተር ሆኗል» አላቸው።

«የምን ዶክተር? ወገቤን ያይልኛል?» አለ አካፋውን ተደግፎ የቆመ፣ ሹጉጤ የሚባል ቀልደኛ።

«የአሸዋ።»

ሳቁ ገደሉን መትቶ ተመለሰ።

«የአሸዋ! ዶክተርዬ፣ ለአሸዋ ብለህ ነው ውቅያኖስ የተሻገርከው? እዚሁ አካፋ እንሰጥህ አልነበር እንዴ!»

«ተው አንተ» አለ ላምቤቦ፣ እሱም እየሳቀ። «አንተ አሸዋ ትዝቃለህ፣ እሱ አሸዋ ያስባል።»

ያ ካባ አንድ ደንብ ነበረው። ጠዋት ማንም ከገደሉ ሥር አይቆፍርም። መጀመሪያ ሁሉም ዳገቱን ዞረው አናቱ ላይ ይወጣሉ። ያንጠለጠለውን በዲጅኖ እየነደሉ ያወርዱታል። ከዚያ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ይጭናሉ። ይህን ደንብ የሚያስከብረው ላምቤቦ ነበር፤ የሚያማርሩትም እሱኑ ነበር።

«ዶክተር፣ አንተ ፍረድ» አለ ሹጉጤ። «ጋሽ ላምቤቦ በየጠዋቱ እንደ ዝንጀሮ ገደል ላይ ያወጣናል። ገልባጩ መኪና ደግሞ ቆሞ አይጠብቀንም፤ ወደ ማዶ ካባ ይሄዳል። ከላይ ጀመርን ከታች ጀመርን፣ አሸዋው ያው አሸዋ አይደለም?»

ሰውዬው ደስ አለው። ልብ በሉ፣ ክፋት አይደለም። ስንት ዓመት ሲደክምበት የኖረውን ነገር፣ አንድ አሸዋ ዛቂ በራሱ አፍ ሲናገረው ሰማ። ማን ደስ አይለውም?

«በእኔ አሸዋ እንኳ ልክ ነህ» አለው። «ከየትም ብትጀምር መጨረሻው አንድ ነው። ተረጋግጧል።»

«ሰማህ፣ ጋሽ ላምቤቦ? ተረጋግጧል!»

«በእኔ አሸዋ» ያለውን ማን ሰማ? ማንም። የሰሙት «ተረጋግጧል» የሚለውን ነው።

ላምቤቦ አልሳቀም። ዞር ብሎ ወንድሙን አየው። «እውነት ነው?» አለ፣ በዝግታ።

«እውነት ነው፣ ጋሼ።»

«ግን» ብሎ ሊቀጥል ነበር። እንደ ነገረኝ፣ «ግን» የምትለው ቃል አፉ ላይ ደርሳ ነበር። የገልባጩ ጥሩንባ ጮኸ፤ ሰዎቹ አካፋቸውን አንሥተው ሮጡ። ላምቤቦም የወንድሙን ትከሻ ያዝ አድርጎ፣ «የእኛ ቤት ልጅ እኮ ነው!» ብሎ ከኋላቸው ጮኸ።

ወገኖቼ፣ ላምቤቦ ሞኝ አልነበረም። ያንን ገደል ያውቀው ነበር። ግን ገደሉን ከሚያውቀው ይልቅ ወንድሙን ይወደው ነበር። ሊቅ ወንድም ያለው ሰው እንዴት የራሱን ፍርሃት ያምናል?

ሰውዬው ወደ ከተማ ተመለሰ። አንድ ቀን ጠዋት ሥራውን ለባልደረቦቹ ሊያቀርብ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ላምቤቦ ነው።

«ዶክተር! እንዳልከው ከታች መጀመር ከያዝን ወዲህ እኮ ሥራው ፈጠነ። ሹጉጤ ይመርቅሃል።»

«ከታች? ጋሼ፣ አናቱን ሳታወርዱ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ያልከው? ላይኛው ላይ ስንጥቅ ቢጤ አለች፣ አየኋት። ግን መጨረሻው አንድ ነው ብለሃል። አይደል?»

ሰውዬው ከበሩ አንድ እርምጃ ራቀ። ከአዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት ብቅ ብላ፣ «ዶክተር፣ ሰው እየጠበቀዎት ነው» አለችው።

«ጋሼ፣ ስብሰባ ልገባ ነው። ስወጣ በደንብ አስረዳሃለሁ።»

«ግባ፣ ግባ! ሥራህን አስቀድም» አለ ላምቤቦ።

አስቀደመ። ገባ። ምን እንዳቀረበ ልንገራችሁ? ከየትኛውም ካሬ ብትጀምሩ መጨረሻው አንድ መሆኑን ነው ያቀረበው። አጨበጨቡለት። ጥያቄ ጠየቁት፣ መለሰ። በር ላይ እጁን የሚጨብጡት ሰዎች አቆዩት። ሲያልቅ ወደ ጓሮ ወጥቶ ደወለ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። እንደገና ደወለ። አልተነሣም። ከዚያ መልእክት ጻፈ።

ስልኩ ላምቤቦ ዛፍ ላይ በሰቀለው ጃኬት ኪስ ውስጥ ነበር። ሲጠራ ሹጉጤ ሰምቶታል። ሹጉጤ የተረፈው ገልባጩን ሊያቆም መንገድ ላይ ወጥቶ ስለ ነበር ነው። ሲመለስ ገደሉ ቦታው ላይ የለም፤ ላምቤቦ ላይ ተንዷል። እሱና የደረሱለት ሰዎች በአካፋ፣ ከዚያም አካፋው ሰው ይቆርጣል ብለው በእጃቸው፣ እየቧጠጡ ሳለ ጃኬቱ ውስጥ ያ ስልክ ይጠራ ነበር። ማን ያንሣው?

ሰውዬው ከቀብር በኋላ ብቻውን ወደ ካባው ወረደ። ክምሩን ቆሞ አየው። ገደሉ ከላይ በዲጅኖ ቢወርድም የሚቀመጠው እዚያው ነበር። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ተዳፋት። መጨረሻው አንድ ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም! «አንዲት ነጥብ አልተሳሳተም» አለኝ፣ እያለቀሰ። «ሰሌዳዬ ላይ ግን ከሥር የቆመ ሰው አልነበረም።»

ከዚያ ነው የጠየቀኝ። «እውነት ነው የተናገርኩት። ምንድን ነው የበደልኩት?»

ትዕቢት ልለው እችል ነበር። መዘግየት፣ ወይም ከወንድም ይልቅ ክብርን መውደድ ልለው እችል ነበር። እንዲህ ያሉ መልሶች እኔም ሩቅ አገር ተምሬአለሁ፤ እያንዳንዱ በቦታው ይገጥማል። ግን አፌን ስከፍት ፈራሁ። እኔ የተማርኩት እምነትስ የወረቀት አሸዋ ቢሆን? ከዚህ ቦታ ሆኜ መከራን በሦስት ነጥብ ፈትቼ አውቃለሁ፤ አሜን ብላችሁልኛል። ስናገር ከሥሩ ማን ቆሞ እንደ ነበር ግን አልጠየቅሁም። ወንድምህ በተሻለ ቦታ ነው ልለው ነበር። ትቼው ከጎኑ ተቀመጥኩ።

እናንተስ?

ሁሉን ነገር የፈታችሁበት ትንሽ ሰሌዳ የላችሁም? «ቤቱን ልጨርስና እናቴን እጠይቃለሁ፤ መጠየቄ አይቀርም፣ መጨረሻው ያው ነው።» አላላችሁም? «ልጄ ፈተናውን ይለፍ፣ ከዚያ በሆዱ ስለ ያዘው ነገር እንነጋገራለን።» «ይህ ወር ይለፍ፣ ከእህቴ ጋር እታረቃለሁ።» ዛሬም ቢሆን ነገም ቢሆን፣ እኔ ብጀምር እሷ ብትጀምር፣ ድምሩ አንድ ነው እያላችሁ። በወረቀት ላይ ትክክል ናችሁ። ማንም ስሕተት አያገኝባችሁም። ግን ቀና ብላችሁ እዩ። ላይኛው ላይ ስንጥቅ የለም? ከሥሩስ ማን ነው የሚቆፍረው? እናንተን አምኖ ደንቡን የተወ ማን ነው?

መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ እንደ ተባለው፣ ጸሎታችሁ እንኳ በሩ ላይ የሚቆይበት፣ ሌላ ነገር የሚቀድምበት ሰዓት አለ። እኔን ለማዳመጥ ከተቀመጣችሁበት መነሣት የሚገባው ሰው ዛሬ እዚህ ካለ፣ ይነሣ። ስብከቱን አታስጨርሱኝ። አልቀየማችሁም። ውጡና ደውሉ።

የላምቤቦን ስልክ ዛሬ የያዘችው ሚስቱ ናት። ሲም ካርዱን አላወጣችውም፤ ባትሪው ሲያልቅ ትሞላዋለች። ሰውዬውም የእሱን ስልክ ከፍቶ የላከውን አሳየኝ። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ያልኩህ ለወረቀት አሸዋ ነው። ለአንተ አሸዋ አይሆንም። መጀመሪያ ከላይ አውርዱ። አሁኑኑ ውጡና ወጣሁ በለኝ።»

ከሥሩ «ደርሷል» ይላል። ከዚያ በታች ምንም የለም።