እናቱን ያሳወረው አምፖል

አንድ ሰው ነበረ፤ እናቱን ያሳወረ። ዓይኗን በጣቱ አልነካም፤ ክፉም አላሰበባትም። አምፖል ገዝቶ ነው ያሳወራት።

ቁጭ በል ናሁሰናይ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ የማታ ተማሪዎቹን የማውቀውን ሁሉ አስተምሬያቸዋለሁ፤ ጭንቅላታቸው አልቀበል ካለ ምን ላድርግ? ወይዘሮ ዝማምን ከመዝገብ ልሰርዛት ወይ?» ብለኸኛል። ትናንት ደብተሯን መልሳልህ መሄዷንም ነግረኸኛል፤ ያው እጅህ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩበትን ክፍል ከተረከብከኝ ሁለት ወርህ ነው። በሁለት ወርህ መጥተህ ስለ ስረዛ ስትጠይቀኝ ደሜ ፈላ፤ አልደብቅህም። መልሱን በዚያ ሰው በኩል እነግርሃለሁ። እስክጨርስ ግን አታቋርጠኝ።

ሰውየው ኑሮው የተቃና ነበር። አዲስ ቤት ሠርቷል፤ እናቱንም ከድሮ ሰፈሯ አምጥቶ እሱ ዘንድ አኑሯታል። ለእናቱ የሚሰስት ሰው አልነበረም። ይህን ልብ በል፤ ቢሰስት ኖሮ እኔም እንዲህ አልናደድም ነበር።

እናትየው ፊደል የቆጠረችው በአርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ተደርድራ ነው የተማረችው። ስለዚህ እንደ አንተ በገጹ ላይ እየበረረች አታነብም። ጣቷን ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው። ያለቻት አንዲት የጸሎት መጽሐፍ ናት። ማታ ማታ አንድ ገጽ ታነባለች። ከአንድ ገጽ አትበልጥም፤ አንድም ቀን ግን አታጓድልም። ያቺ አንድ ገጽ ለሷ ምን እንደሆነች አንተ አይገባህም፤ አንተ በስድስት ዓመትህ ነው ትምህርት ቤት የገባኸው። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ በጣቷ ስትፈርም ኖራ፣ አንድ ቀን ስሟን ራሷ የጻፈች ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ ራሷን ንቃ አታውቅም።

ከወንበሯ አጠገብ የጠረጴዛ መብራት ነበረቻት። አሮጌ ናት። ከላይ የጨርቅ ቆብ ደፍታለች፤ ብርሃኗ ወደ ታች ወርዶ ገጹ ላይ ብቻ ያርፋል። ውስጧ ያለው አምፖል ትንሽ ቢጫ ነገር ነው። በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ጭል ጭል የምትል ይመስለዋል፤ ለመጽሐፏ ግን በልኳ ነበረች።

አንድ ቀን አምፖሉ ተቃጠለ። «ልጄ፣ ስትመለስ አምፖል አምጣልኝ። እንደ ድሮው ዓይነት ይሁን» አለችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ሄደ። የኤሌክትሪክ ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋን የምታውቅ።

«ለምን ዓይነት መብራት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ለቤት።»

«እሱማ ለቤት ነው። ከሥሩ የሚቀመጠው ማነው? ምን ሊሠራበት ነው?»

ሰውየው ተቆጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ አምፖል ልትሸጪልኝ ነው ወይስ ቃል ልትቀበይኝ? ካለሽ ሁሉ ትልቁን አምጪ።»

«ትልቁ የመጋዘን ነው። ከጣራ ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ከቅርብ ዓይን ይወጋል።»

«ለእናቴ አይበዛባትም» አለና ይዞት ወጣ።

ለእናቴ አይበዛባትም! ስማው እንግዲህ። ቃሉ ያምራል፤ ሰው ፊት ሲባል ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ግን መብራቷ ምን እንደምትመስል አላያትም። እናቱ መጽሐፉን በየት በኩል እንደምትይዝ፣ ፊቷን ወዴት አድርጋ እንደምትቀመጥ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አልተመለከተም። አምፖሉን የለካው በእናቱ ዓይን ሳይሆን በራሱ ደግነት ነበር።

ቤት ሲደርስ አምፖሉ ከቆቡ ሥር አልገባም አለው። ምን አደረገ? ቆቡን ነቅሎ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ወረወረው። አምፖሉን ራቁቱን አስገብቶ አበራው። ሳሎኑ ቀን ሆነ። ጎረቤት ገብቶ «ቤትህ እኮ ስታዲየም ሆነ!» ሲለው ሰውየው ፊቱ ፈካ። ያ ሁሉ ብርሃን ከእናትየው አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ በዓይኗ ትክክል እንደሚነድ ማንም ልብ አላለም።

እናትየው መጽሐፏን ከፈተች። ፊደሎቹ ጠፉባት። ዓይኗን ስትጨፍን እንኳ አምፖሉ እዚያው ይታያታል። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ሞከረች፤ አልሆነም። ጀርባዋን ሰጥታ ሞከረች፤ የራሷ ጥላ ገጹን ሸፈነው።

«ልጄ፣ በዛብኝ መሰለኝ» አለች።

«ብርሃን ደግሞ ይበዛል እንዴ እማዬ?» ብሎ ሳቀ።

በሳምንቱ «ፊደሉ አልታይ እያለኝ ነው» አለችው። እሱ የሰማው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አነሰኝ ያለችው መሰለው! ተመልሶ ሄዶ ከመጀመሪያው የባሰ አምጥቶ ተከለባት። ያም አልሆነልኝም ስትለው «እንግዲህ ከዚህ በላይ ብርሃን የለም እማዬ። ዓይንሽ ነው። አርጅተሻል» አላት። ለጎረቤቱም «የእናቴ ዓይን ደከመ፤ እኔ ያላደረግኩላት ነገር የለም» እያለ አወራ። ጎረቤቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ለሷ እንዳይመስልህ፤ ለሱ አዝነው ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ እናትየው ማመኗ ነው። ልጇ የተማረ ነው፤ ቤቱ በብርሃን ተጥለቅልቋል፤ ሰው ሁሉ ያያል፤ እሷ ብቻ አታይም። ታዲያ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? በልጅነቱ የተማረ ሰው ማንበብ ሲያቅተው መብራቱን ይራገማል። በአርባ ዓመቱ የተማረ ሰው ግን የሚራገመው ራሱን ነው። «ድሮም የኔ አልነበረም። ዘግይቶ መጥቶ ነበር፤ ይኸው ቀድሞ ሄደ» አለች። ሁለት ወር ሙሉ መጽሐፉን አልከፈተችም። በመጨረሻ በጨርቅ ጠቀለለችውና ለሚያይ ሰው እንዲሰጡት ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛው ወጣች።

መንገዱ በዚያች ባለሱቅ ደጅ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ደከማትና በሩ ላይ ካለው በርጩማ አረፍ አለች። ባለሱቋ ውሃ ሰጥታት «እማማ፣ ምን ይዘው ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሁሉን ነገረቻት። ዓይኗ መጥፋቱን፣ ልጇ ከሱቅ ሁሉ ትልቁን አምፖል ገዝቶላት እንኳ እንዳልሆነላት፣ መጽሐፉንም ልትሰጠው መሄዷን ነገረቻት። ባለሱቋ ሰውየውን አስታወሰችው። ይህች አሮጊት ደግሞ ከደጁ ያለውን ክፍት ቦይ ማንም ሳይደግፋት በድንጋይ ላይ ተሻግራ ነው የመጣችው።

ከሱቁ መስታወት ላይ ፀሐይ ያደበዘዛት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። «እማማ፣ ይቺ ምን ትላለች?» አለቻት።

«ተይኝ ልጄ፣ አላይም።»

«ግድየለም፣ ይሞክሯት።»

አሮጊቷ ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር ሰደደች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «የተሸጠ… ዕቃ… አይመለስም» አለች።

ጣቷን አየች። ከዚያ ጥቅሉን ፈታች፤ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ እዚያው በርጩማው ላይ አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች። አላለቀሰችም፤ ተቆጣች። እሰይ ተቆጣች!

«ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ያሳወረኝ ማነው?» አለች።

ባለሱቋ አንዲት ትንሽ ቢጫ አምፖል አንስታ፣ ሱቋን ዘግታ ተከተለቻት። ቤት ሲደርሱ ልጁ ከሥራ ተመልሶ ሳሎን ተቀምጧል፤ መሸት ብሏል።

«ተነስና እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥ» አለችው እናቱ።

ግራ ገብቶት ተቀመጠ። መብራቱን አበራችው፤ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። «አንብብልኝ።»

ጀመረ። ዓይኑን አጨነቆረ። በእጁ ግንባሩን ጋረደ። ዞር ሲል የራሱ ጥላ ገጹ ላይ ወደቀ። አንድ መስመር ሳይጨርስ «ኧረ ዓይኔን ወጋኝ!» አለ።

«ዓይንህ ነው ልጄ» አለችው። «አርጅተሃል።»

ባለሱቋ ቆቡን ከቁም ሳጥኑ ኋላ አውጥታ አቧራውን አራገፈች። ትንሿን አምፖል አስገባች፤ ቆቡን ከላይ መልሳ ደፋች። እናትየው ያን ማታ ገጿን አነበበች።

ሰውየውስ ምን አለ? «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። ለምን አልነገርሽኝም! በዛብኝ ብላው ስቆባታል። አልታይ አለኝ ብላው ጨምሮባታል። ነግራው ነግራው ነው መናገር ያቆመችው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች፤ ገጿንም አላጓደለችም። ነገር ግን «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለውን ቃል ከልጇ አፍ ሳትሰማ ነው የሞተችው። እሱ ዛሬም ለእናቴ ያላደረግኩላት ነገር የለም እያለ ይኖራል።

ይኸው ነው። አሁን ወዳንተ ልምጣ።

ያ ትልቅ አምፖል ከዩኒቨርሲቲ ይዘኸው የመጣኸው ትምህርት ነው። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ቦታው ላይ ብትሰቅለው እኔም ባደነቅኩህ። አንተ ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ ውላ የመጣች ሴት ፊት ራቁቱን አበራኸው። ባለፈው ሳምንት በክፍሉ መስኮት ሳልፍ ሰምቼሃለሁ። ፊደል ለይተው ለመጻፍ ለመጡ ሰዎች ድምፅ ከጉሮሮና ከላንቃ እንዴት እንደሚወጣ ታብራራ ነበር! «በዛብን» አሉህ፤ ሳቅህ። «አልገባንም» አሉህ፤ ጨመርክባቸው። አሁን ደግሞ ጭንቅላታቸው አይቀበልም ብለህ እኔ ጋ መጣህ፤ ከንፈሬን እንድመጥጥልህ።

እስቲ ንገረኝ፤ ዝማም ማንበብ የፈለገችው ምን ለማንበብ ነው? አታውቅም። ፊትህ ይናገራል፤ አታውቅም። ባለሱቋ አንድ አምፖል ለመሸጥ እንኳ ጠይቃለች፤ አንተ ሁለት ወር ስታስተምር አልጠየቅክም። እኔ አውቃለሁ፤ ግን አልነግርህም። ራስህ ሄደህ ጠይቃት።

ደብተሩን ክፈተው። ክፈተው እንጂ! የመጀመሪያዎቹን ገጾች ተመልከት። ፊደሏ ከመስመር አይወጣም። እዚህ ጋ የልጆቿን ስም ጽፋለች፤ አራቱንም፤ አንድ ግድፈት የለውም። ይህ የማይቀበል ጭንቅላት ነው? አሁን ግለጥ። ይኸው፣ ከዚህ ወዲያ ባዶ ነው። በየገጹ አናት ላይ ቀን አስጽፋቸው ነበር፤ የመጨረሻውን ቀን አንብበው። ክፍሉን ለአንተ ያስረከብኩበት ቀን ነው።

ትናንት ደብተሩን ስትመልስልህ «የኔ ራስ ደንቁሯል፤ ለሚገባው ሰው ስጠው» ማለቷን የነገርከኝ አንተው ነህ። ነገሩ እንዳሳዘነህ አድርገህ ነው የነገርከኝ። እኔ ስሰማ የታየችኝ ያቺ እናት ናት፤ ጥቅሉን ብብቷ ውስጥ ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ።

ተነስ። ቤቷ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። ገና አልመሸም፤ ያሰጣችውን ልብስ እየሰበሰበች ታገኛታለህ። ነገ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ እሷ የምትቀመጥበት ቦታ ተቀምጠህ ሰሌዳውን እየው። ዛሬ ግን ደብተሩን በሁለት እጅህ ስጣትና ያ ሰው ከአፉ ያልወጣውን ቃል ተናገር፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» በላት። እሱ እናቱ ሞታበታለች፤ ቢልም የሚሰማው የለም። ዝማም ግን ሦስት ግቢ አልፋ ነው ያለችው፤ አንተ ሄደህ እስክትነግራት ድረስ አላይም ብላ አምና ተቀምጣለች።