የእመት ኤሊ የውሃ ግምት

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ የጠማችሁ ጠጋ በሉ።

እመት ኤሊ ኩሬው እያደር ሲጎድል አይታ ነገሩ አላምር አላት። ክረምት ሳይገባ ኩሬውን ለማስፋት፣ ለከርሞ በጋ ምን ያህል ውሃ እንደሚበቃቸው እንስሳቱን ልትጠይቅ ተነሳች።

“እኔ እንኳ ብዙም አልጠጣ፤ አንድ ጉንጭ ይበቃኛል” አለ አያ ዝሆን አንገቱን ደፍቶ።

አያ ጎሽም “ኧረ እኔ ከንፈሬን ካረጠብኩ ምን እፈልጋለሁ!” አለ።

ኤሊ ብትደምረው፣ የሁሉም ፍላጎት አንድ ቅል ውሃ ሆነ። “እነዚህ ይሉኝተኞች በጥም ሊፈጁን ነው!” ብላ ተናደደች። ከዚያ ዘዴ መጣላትና ወደ ዝሆን ተመለሰች።

“ለመሆኑ አያ ጎሽስ ስንት ይጠጣል?”

“እሱማ ጉድ ነው! አንዴ አፉን ከነከረ ጭቃው ሳይታይ ቀና አይልም።”

ጎሽ ደግሞ ስለ ዝሆን ሲጠየቅ “መጠጣት ብቻ መች ይበቃዋል፣ ገላውንም ይታጠብበታል እንጂ!” አለ።

ኤሊ ይህንን ደምራ ሁሉንም ቁፋሮ አስጀመረች። መሃል ላይ እንቁራሪት “ለእርስዎስ ስንት እንያዝ?” አለቻት።

“ለእኔማ ጤዛ ይበቃኛል” አለች ኤሊ።

ዝሆንና ጎሽ ተያዩና ጉድጓዱን ጨመር አደረጉት።