የቢያድግልኝ ሁለተኛ ዓይን

አንድ ሠዓሊ ነበር። ቸኮል ይባላል። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥል የኖረ፣ እጁ የተባረከ ሰው። ከጎረቤቱ ከቢያድግልኝ ጋር ግን በመስኖ ውኃ ተጣልቶ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ደጁን አልረገጠም።

በዚያ አገር ውኃውን በተራ የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ አሉ፤ የውኃ አባት ይሏቸዋል። ሁለቱም እሳቸው ዘንድ ቀረቡ።

ቸኮል፣ «ማሳው ለምልሞ እያየሁት የእኔን ተራ ይመኛል» አለ።

ቢያድግልኝ፣ «ቦዩን ዘግቶብኝ ሽንኩርቴ አለቀ» አለ።

የውኃ አባቱ አባ እንየው እግራቸው ተሰብሮ ተኝተዋል፤ ማሳው ድረስ ሄደው ማየት አይችሉም። «ቸኮል፣ ቦታውን ሥለህ አምጣልኝ» አሉ። «ቢያድግልኝም አይቶ እውነት ነው ይበል። ነገ ሥዕሉን አይቼ እፈርዳለሁ።»

እስቲ አስቡት፤ ተከራካሪው ራሱ ሠዓሊ ሲሆን!

ቸኮል በራሱ ደጅ ላይ ተቀምጦ ሣለ። ቢያድግልኝ ዱላውን ተደግፎ ከኋላው ቆመ።

«ማሳዬ እንደ መቀነት ቀጠነች እኮ!»

«የራቀ ነገር ያንሳል። የሥዕል ሕግ ነው።»

«ከማን ነው የራቀችው? እኔ እኮ የምኖረው እዚያው ነው።»

ቸኮል አቀርቅሮ ራሱንና ቢያድግልኝን ከየማሳቸው ዳር ሣለ።

«ይኼ ደግሞ እኔ ነኝ? አንዱ ዓይኔ የት ገባ?»

የሥዕሉን ሥርዓት ታውቃላችሁ። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። ቸኮል ሆን ብሎ አይደለም፤ እጁ ለምዶ ነው። ታዲያ ራሱን ለምን በሁለት ዓይን ሣለ?

ቢያድግልኝ ዱላውን ጨበጠ። «ተነሥ! ከእኔ ደጅ ሆነህ ሣለው!»

ቸኮል ከዱላው ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ተከተለው። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቀና አለ።

ለካ ለምለም የመሰለው የዳሩ ሣር ኖሯል! ከሣሩ ወዲህ ሽንኩርቱ ጠውልጓል፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ማሳይቱም ከእሱ ማሳ አታንስም።

መስመሮቹን አጥፍቶ እንደ አዲስ ሣለ። ቀለም ሊያሟሟ ሲል ውኃ የለውም።

«ውኃ ስጪው» አለ ቢያድግልኝ ሚስቱን።

«ለልጆቹ የቀረችው እኮ ናት!»

«ስጪው። ኋላ ቀለም ደርቆብኝ ነው እንዳይል።»

በጣሳ አመጣችለት። ቸኮል ብሩሹን ነከረ። አረንጓዴውን አልነካም። በዚያች ውኃ ቢጫና ቡናማ አሟምቶ የደረቀውን ማሳ ቀባ። ከዚያ የጎረቤቱን ፊት አጥፍቶ ፊት ለፊት አዞረው፤ ሁለተኛዋን ዓይን ሣለ።

ቢያድግልኝ ጎንበስ ብሎ አየ። «አሁን ገና እኔን መሰለ» አለ። «አፍንጫዬን ግን አበዛኸው።»

ቸኮል ፍርዱን አልጠበቀም። የተረፈችውን ውኃ ለሴትየዋ መለሰላትና ወርዶ ቦዩን በእጁ ከፈተ።

ወገኖቼ፣ እኛስ? በልባችን በአንድ ዓይን የሣልነው ሰው የለም? ወንድምህ ነው? ምራትሽ ናት? ከማን ደጅ ሆናችሁ ሣላችሁት? «ራቀን» ትላላችሁ፤ ከማን ነው የራቀው? ጌታችን እኛን ከሩቅ አይቶ አልፈረደብንም። ደጃችን ድረስ መጣ፤ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ ከአንዲት ሴት ውኃ ለመነ።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትቸኩሉ። ያን ደጅ ታውቁታላችሁ። ሂዱና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ቀና ብላችሁ እዩ። ከዚያም፣ «እባካችሁ፣ ውኃ ስጡኝ» በሉ።