ሰማያዊው ጭስ ካልጠፋ

ስሙኝማ፣ ነገሩ የጀመረው ከአንዲት ትንሽ ልመና ነው። ወይዘሮ ውድነሽ ባሏን አቶ ደጀኔን፣ «እህቴ እትዬ ስንዱ ሐይቅ አይታ አታውቅም። አንድ እሑድ በመኪናችን ዝዋይ እንውሰዳት» አለችው። መኪናዋ ደጀኔ ከአባቱ የወረሳት፣ በየሳምንቱ የሚወለውላት አሮጌ መኪና ናት። ግን ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች። «እንዲህ እያጨሰች? ሰው ይስቅብኛል፤ ጭሱ ካልጠፋ አልነዳም» አለ።

መካኒኩን ንጋቱን በጠዋት ጠራው። ንጋቱ ጭሱን አየ፣ አሸተተ። «ነጭ ቢሆን ውሃ ነው፣ ጥቁር ቢሆን ቤንዚን ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው፤ ፒስተኑ አልቋል። ግን ጋሽ ደጀኔ፣ አዲስ ፒስተን እጄ ካልገባ ሞተር አልከፍትም።» ንጋቱ አልከፍትም አለ፣ ጭሱ አልጠፋም አለ፣ ደጀኔ አልነዳም አለ፤ እትዬ ስንዱም ሞጆ ቤቷ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ደጀኔ መርካቶ፣ መለዋወጫ ሻጩ ሐጂ ነስሩ ዘንድ ሄደ። «ሞተሩ ተከፍቶ ያውቃል?» አሉት። «አዎ፣ አንዴ።» «እንግዲያ ፒስተኑ የሚገባበት ሲሊንደር ያኔ ሰፍቶ ይሆናል። የከፈተውን ሰው ጠይቅ፤ መጠኑን ካላወቅሁ አላስመጣም።» ሐጂ አላስመጣም አሉ፣ ንጋቱ አልከፍትም አለ፣ ጭሱ አልጠፋም አለ፣ ደጀኔ አልነዳም አለ፤ እትዬ ስንዱም ጠበቀች።

የከፈተው ሰው የደጀኔ ታናሽ ወንድም ጥላዬ ነው። ከአባታቸው ጋር ሞተሩን ያደሰው እሱ፣ በታላቅነቱ መኪናዋን የወሰደው ደጀኔ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ደጀኔ ሰው ላከበት። ጥላዬም «ራሱ መጥቶ ይቅርታ ካላለኝ አልናገርም» አለ። «ታላቁ ሆኜ?» አለ ደጀኔ። ደጀኔ አልሄድም አለ፣ ጥላዬ አልናገርም አለ፣ ሐጂ አላስመጣም አሉ፣ ንጋቱ አልከፍትም አለ፣ ጭሱ አልጠፋም አለ፣ መኪናዋ አልተነዳችም፤ እትዬ ስንዱም ጠበቀች። አንድ ዓመት። ሁለት ዓመት። አራት ዓመት።

አንድ ቀን ውድነሽ ከሞጆ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «የእትዬ ዓይን ጠፋ» አለች።

በማግስቱ ደጀኔ ወንድሙ ደጃፍ ቆመ። «ጥላዬ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

ጥላዬ ጉልበቱን ሳመው። «ግባ ጋሼ» አለ። ቆየት ብሎም ጠየቀው፤ «የምታጨሰው መቼ ነው?»

«ጠዋት ስትነሳ። ስትሞቅ ይጠፋል።»

«እንግዲያ ፒስተን አይደለም። ቫልቩ ላይ ያለችው ጎማ ደርቃ ነው፤ መኪናዋ ቆማ ስታድር ዘይት ይንጠባጠባል። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር እኮ ጋሼ።»

ደጀኔ ሄደ፣ ጥላዬ ተናገረ፣ ሐጂ ማስመጣቱ ቀረላቸው፣ ንጋቱ ሞተር መክፈቱ ቀረለት፣ ትንሿ ጎማ ተቀየረች፣ ጭሱ ጠፋ፣ መኪናዋ ተነዳች፤ እትዬ ስንዱም ዝዋይ ደረሰች።

«ሰፊ ነው?» አለች ሐይቁ ዳር ቆማ።

«ሰፊ ነው፣ እትዬ» አለች ውድነሽ።

ደጀኔ ጫማውን አወለቀ፤ የእትዬ ስንዱንም አወለቀላት። እጇን ይዞ ውሃው እግሯን እስኪነካት ድረስ ወሰዳት።

«ኧረ ይቀዘቅዛል!» ብላ ሳቀች። «እግዜር ያክብርህ፣ ወንድም ዓለም።»

ደጀኔ ምርቃቱን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ፤ አሜን ለማለት ግን አፉ እምቢ አለው።