አምስት ጭረት ያለበት ቀለህ

ቀለህ እየሞላ የሚኖር አንድ ሰው ነበር። ስሙ ስንሻው ነው። ከግራ እጁ ሁለት ጣት ይጎድለዋል፤ ምን ሆኖ እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ "ድሮ ነው" የሚል ብቻ ነበር። አዳኞች የተኮሱትን ባዶ ቀለህ ያመጡለታል፤ እሱ አጥቦ፣ ባሩድና እርሳስ ሞልቶ ይመልስላቸዋል።

ባዶ ቀለህ በመጣለት ቁጥር ቂጡ ላይ በሞረድ አንድ ጭረት ያወጣበታል። ባለ አንዱን ከባለ አንድ፣ ባለ ሁለቱን ከባለ ሁለት እያደረገ በየቅሉ ይለያል። አምስት የደረሰውን ግን ዳግመኛ አይሞላውም፤ ለብቻው ቅል አለው።

አንድ ጠዋት ይርዳው የሚባል አዳኝ መጣ። በማግስቱ አማቶቹ እያዩት ጎሽ ሊጥል ቃል ገብቷል። አራት ጭረት ያለበት ባዶ ቀለህ አውጥቶ "ይቺን ሙላልኝ" አለ። ስንሻው ተቀብሎ አምስተኛውን ጭረት አወጣበትና ለብቻው ወዳለው ቅል ጣለው።

"ምን ማድረግህ ነው? ገዴ እኮ ነው! ሦስት ጎሽና ሁለት ነብር ጥዬበታለሁ።"

"ለዚህ ነው የማልሞላው።"

"አያ ስንሻው፣ እርጅና አስፈራህ ልበል? እየው፣ እንደ ሙሽራ ቀለበት ያበራል!"

"አንተ ወልውለኸው ነው። ውስጡን ማን አየው?"

"ያገለገለኝን እንዴት እጥለዋለሁ?"

"ጣለው አላልኩህም። አሳርፈው ነው ያልኩህ።"

ይርዳው ተቆጣ። ቀለሁን ከቅሉ መልሶ አወጣና "ከወንዝ ማዶም የሚሞላ አለ" ብሎ ተነሣ። ስንሻው አልተከራከረውም፤ ጫፉ የጎበጠ ቀጭን ሽቦ አቀበለው።

"ሂድ። መጀመሪያ ግን ይህን ቀለሁ ውስጥ እስከ ታች አስገባና ግድግዳውን እያስነካህ ወደ ላይ ሳበው።"

ይርዳው ሳበ። ከቀለሁ ቂጥ ትንሽ ከፍ ብሎ ሽቦውን አንዳች ነገር ያዘው። ደግሞ ሞከረ፤ እዚያው ያዘው። ናሱ ከውስጥ ዙሪያውን ሳስቶ ቦይ አውጥቷል። ከውጭ ግን ምንም አይታይም።

"ነገ እዚህ ላይ ይበጠሳል" አለ ስንሻው። "እሳቱ ወደ ዐይንህ ይመጣል። ጎሹም ቆሞ አያስታምምህም።"

አዳኙ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የስንሻውን እጅ እያየ "ያንተም እንዲህ ነው?" አለው።

 "ጎረምሳ ሆኜ፣ ጭፍራ ሳለሁ ነው" አለ ስንሻው። "አለቃችን ያገኘውን ቀለህ ሁሉ እያስሞላ ያድለን ነበር። ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ የሚቆጥር አልነበረም።"

"ቀለሁን?"

"ቀለሁንም፣ እኛንም።"

ይርዳው በዚያ ፈንታ ከቅሉ ባለ አንድ ጭረት ቀለህ አስወጥቶ አስሞላ። ሊወጣ ሲል አሮጌውን አሳየና "ይህንስ ምን ላድርገው?" አለ።

"ለባለቤትህ የኩል መያዣ ይሁናት። ባሩድ የቻለ ኩል አይከብደውም።"

ሁለቱም ሳቁ። በማግስቱ ገዱ እቤት ቀርቶ፣ ጎሹ በመጀመሪያው ጥይት ወደቀ። አሮጌው ቀለህም ኩል ተሞልቶ ብዙ ዘመን ኖረ።

ወዳጆቼ፣ የሚሸከምልን ሰው አላማረረም ማለት አልሳሳም ማለት አይደለም። ደጋግመን እሳት ውስጥ የምንከተው "እሱ አይከዳኝም" ያልነውን ነው፤ ሲበጠስ ደግሞ ከዳን እንላለን። በቤታችሁ፣ በሥራችሁ፣ "እሱ ይችለዋል" የምትሉት ማን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ "አሁንስ አረፍ በል" ያላችሁት መቼ ነው?