ልቅሶ ተቀምጦ እንጨት የላገው አናጢ

ሰናይት ለትንንሽ ወርክሾፖች የመብራት ሒሳብ በሚልክ ድርጅት ሥራ መጀመሯ ነው። «ጋሼ፣ ቆጣሪው በራሱ አንብቦ ሒሳቡንም በራሱ የሚልክ ከሆነ፣ ሲሳሳት የሚጠየቀው ማነው?» ብላ አጎቷን ጠየቀቻቸው። ዕድሜ ልካቸውን የመብራት መስመር ሲዘረጉ የኖሩት ጋሽ ላቀው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ጣሉትና እንዲህ አሏት።

አንድ አናጢ ነበረ። አንድ ባለሀብት ባሠራው ግቢ ቤት ተከራይቶ፣ ከአንድ ብረት በያጅና ከአንዲት ባለወፍጮ ጋር ጎን ለጎን ይሠራል። ድሮ ቆጣሪያቸው አንድ ነበር። ወር ሲሞላ ሦስቱም ቁጭ ብለው፣ «በዚህ ወር እኔ ብዙ በይጃለሁ፣ የኔ ይብዛ» እየተባባሉ ይካፈላሉ። አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። በኋላ ባለሀብቱ በየማሽኑ ላይ ትንሽ ሳጥን አስገጠመ። ሳጥኑ ማሽኑ የበላውን መብራት በኔትወርክ ይናገራል፣ ሒሳቡ በስልክ ይመጣል፣ በሦስት ቀን ላልከፈለ መብራቱ በራሱ ይቋረጥበታል። መሐል ላይ ሰው የሚባል ነገር የለም!

የአናጢው እናት ሞቱበት። ሰጋቱራ ባለበት ቤት መብራት ጥሎ የሚሄድ አናጢ መቼም የለም፤ እሱም እንደ ልማዱ ዋናውን ማጥፊያ አውርዶ፣ በሩን ቆልፎ ልቅሶ ተቀመጠ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማሽን አልነካም። ባለሀብቱም ወግ አያጓድልም፤ ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ድረስ መጥቶ፣ «እግዜር ያጥናህ» ብሎ፣ ከጎኑ ተቀምጦ ንፍሮ በልቷል።

አናጢው ወደ ሥራው ተመልሶ የአንድ ትምህርት ቤት አርባ ዴስክ ጀመረ። ለሐሙስ ካላደረሰ ሥራው ለሌላ ይሰጥበታል። በዚህ መሐል ሒሳቡ መጣ። ጉድ እኮ ነው! ሌሊትና ቀን ከሠራበት ወር ሁሉ ይበልጣል። ለካ ሳጥኑ መብራት ሲጠፋበት ዝም ይላል፤ ዝም ባለበት ቀን ሁሉ ደግሞ ሒሳቡ ላይ ከሁሉ ብዙ የተሠራበት ቀን ቁጥር እንዲሞላ ታዝዞ ኖሯል። አናጢው ሄዶ ቢለምን፣ ባለሀብቱ «ማሽን አይዋሽም» ብሎ መለሰው። በሦስተኛው ቀን መላጊያው እንጨት መሐል ላይ ቀጥ አለ።

አናጢው በያጁንና ባለወፍጮዋን ይዞ ባለሀብቱ ቢሮ ገባ።

«ጌታዬ፣ እናቴ በሞተች ሰሞን የት ነበርኩ?»

«ልቅሶ ላይ ነዋ።»

«ማን አየኝ?»

«እኔው ራሴ። አጠገብህ ተቀምጬ አልነበር እንዴ?»

«ታዲያ በዚያን ቀን መላጊያዬን ማን አስነሣው?»

ባለሀብቱ ስልኩን አወጣ። ወደ ላይ ወደ ታች አለው። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «እዚህ ላይ ግን ሠርተሃል ይላል» አለ።

«የእናቱን ንፍሮ በበላህበት አፍ!» ብሎ በያጁ ጮኸ። ባለሀብቱ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ማየቱን ቀጠለ። ሐሙስ መጣ፣ ዴስኩ ለሌላ ተሰጠ።

ጋሽ ላቀው ወደ ሰናይት ዞሩ።

«ማን ይጠየቃል አልሽኝ። ሳጥኑማ ምን አደረገ? ዝም ነው ያለው። ዝም ሲል ትልቁን ጻፉ ያለው ሰው ነው። በዓይኑ ያየውን ጥሎ ስልክ ያነበበውም ሰው ነው። እንግዲህ ነገ አንቺ ያ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። ጥቁር የለበሰ ሰው መጥቶ ‹አልሠራሁም› ሲልሽ፣ መጀመሪያ ቀና በይና ሰውየውን እዪው። ‹እኔ ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ ነው› ያልሽ ቀን ግን ያ ባለሀብት አንቺ ነሽ፤ እኔም ስሞት ድንኳኔ እንዳትገቢ።»