የሁለተኛው ምድጃ አመድ

እሳቱ የማይጠፋ አንድ ሰው ነበረ። ባለጠጋ ነው። ክብሪት ወደ አገሩ ገና አልደረሰም። ሰው ሁሉ እሳቱን ማታ በአመድ አዳፍኖ ያሳድራል፣ ጠዋት ገልጦ ያቀጣጥላል፤ ጠፍቶ ያገኘው ደግሞ የሸክላ ስባሪ ገል ይዞ ጎረቤት ሄዶ ይጭራል። ኑሮው ይኸው ነበር።

ምሳሌውን የሚናገሩት ጋሽ ተካልኝ ናቸው። በወጣትነታቸው የስልክ ማዞሪያ ማሽኖች ይጠብቁ ነበር፤ አሁን አንድ የመተግበሪያ ኩባንያ ሲጨንቀው ይጠራቸዋል። የኩባንያው ሊፍት አልሠራ ብሎ በእግር እየወጡ ሳለ አራተኛው ፎቅ ላይ ደከሙና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው የቆመችው ሐመልማል ናት። ሆስፒታሎች ደም የሚፈላለጉበትን መተግበሪያ የምትጠብቀው እሷ ነች። የትኛው ዓይነት ደም የት እንዳለ የያዘው ዳታቤዝ ክላውድ ላይ፣ ማለት በሌላ ድርጅት የሩቅ ማሽኖች ላይ፣ በኪራይ ይቀመጣል፤ ኪራዩም ደረጃ አለው። በርካሹ ደረጃ የሚሰጣት አንድ ማሽን ነው፤ እሱ ከወደቀ ሥራው ቆመ ማለት ነው። በውዱ ሁለት እኩያ ማሽኖች በሁለት ቦታ ይሠራሉ። መካከለኛው ሁለተኛውን ማሽን አሳንሶ ተጠባባቂ አድርጎ ያስቀምጠዋል። አለቆቿ የማይቋረጥ ይሁን፣ ደግሞ ይርከስ ብለዋታል። የቱን ልውሰድ ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ስለ ባለጠጋው ጀመሩላት።

*

ባለጠጋው በሰው ደጅ ገል ይዞ መቆም ሞት መስሎ ይታየው ነበር። ስለዚህ ሁለት ምድጃ ሠራ። ሞኝ አልነበረም። ሁለቱን ጎን ለጎን ባደርጋቸው አንድ ዝናብ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል ብሎ፣ ለሁለተኛው ከግቢው ላይኛ ጫፍ፣ ከፍ ካለው መሬት ላይ ለብቻው ቤት አቆመለት። ለእያንዳንዱ ምድጃ አንዲት ጠባቂ ሴት መደበ። ወይራ አስፈለጠ። ከዚያ መንደሩን ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ እሳት የጠፋበት ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ አለ።

ሰው ደስ አለው። እሳት ማዳፈን ጣጣ ነው። ስትሰስት ይሞታል፣ ስታበዛ እንጨቱን ይበላል። የባለጠጋው ደጅ ግን ቅርብ ነው። መንደሩ ቀስ በቀስ ማዳፈኑን ተወው። አዳዲስ ሙሽሮች እንዴት እንደሚዳፈን ሳያዩ ጎጆ ወጡ።

ከመንደሩ በታች ካለው ገደል ማዶ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ብቻ አልመጣም። በአባታቸው መሬት ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል።

*

ክረምት አለፈ፤ ሌላም አለፈ። የታችኛው እሳት አንድ ቀን አልጠፋም። ባለጠጋው የላይኛውን ቤት የእንጨት ክምር እያየ ያስብ ጀመር። ይህ እሳት ምን ይሠራል? ወጥ አይሠራበት፣ ማንም አይጭርበት። ጠባቂዋን ጠርቶ እሳቱ ይኑር፣ እንጨት ግን አታባክኚበት አላት። መጀመሪያ ወይራውን ከለከላት። ቀጥሎ ግንዱንም ትቶ ጭራሮ ብቻ አስቀረላት። ሴትዮዋ በጭራሮ እሳት እንደማያድር ነገረችው። እሱም እንግዲያስ ዘዴ ፈልጊ አላት።

ዘዴ ፈለገች። እሳቱ ሲሞት ዝም ትለዋለች። ጎሕ ሲቀድ ከታችኛው ምድጃ በገል ፍም ይዛ ትወጣና በጭራሮ ታቀጣጥለዋለች። ባለጠጋው ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም ይጎበኛል። ከታችም ጢስ፣ ከላይም ጢስ ያያል። እጁን ዘርግቶ ይሞቃል። «አላልኩሽም? በጭራሮም ያድራል፤» ይላል። ሴትዮዋ አቀርቅራ ጭራሮዋን ትሰብራለች። እሱ ወርዶ ብዙም ሳይቆይ እሳቱ ይከስማል።

ሐመልማል እዚህ ላይ አቋረጠቻቸው። ሴትዮዋ አታለለችው ማለት ነው ወይ አለች።

«የገዛው ጢስ ነው፤» አሏት ጋሽ ተካልኝ። «የገዛውን ሰጠችው።»

*

ሐምሌ ገባ። የባለጠጋው ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ አባቷ ቤት መጥታ ነበር። ምጡ ጸናባት፤ ብዙ ደም ፈሰሳት፤ ጠዋት ወንድ ልጅ ወለደች። ነጠላ ላይ ነጠላ ቢደርቡላትም መንቀጥቀጡ አልለቀቃትም። አዋላጇ እሳቱን አጠንክሩት፣ ሙቅ ነገር ቶሎ ቶሎ ስጧት፣ ብርዱ ከገባባት አትመለስም ብላ አስጠነቀቀች።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ከበረዶው በኋላ ጎርፍ። ጎርፉ በጓሮ በር ገብቶ ምድጃውን ሞላው። ሽሽ አለ። በቃ።

ሴቶቹ ጮኹ። ባለጠጋው አልደነገጠም። እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፤ ያንን ቤት የሠራውም ለዚህ ቀን ነው። ምን ያስለቅሳችኋል ብሎ ሳቀባቸው። አራሷን በቃሬዛ አስነሥቶ፣ ሕፃኑን ራሱ በጋቢው አቅፎ ወደ ላይኛው ቤት ወጣ። ቤቱ ደረቅ ነው። ጣራው አንዲት ጠብታ አላስገባም። ልጁን ምድጃው አጠገብ አስተኛት። ሕፃኑን ለሚስቱ ሰጥቶ ተንበረከከና አመዱን ገለጠ።

አመድ።

ጠለቅ አድርጎ ገለጠ። አመድ። እጁን እስከ አንጓው ከተተ። ከሥር ያለው አመድ ከላዩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የምድጃውን መሬት ሲነካው ጣቱን ሰቀጠጠው። ዞሮ ጠባቂዋን አያት።

«ጌታዬ፣ ይኼ እኮ የታችኛው እሳት ነው፤» አለችው። «ሁልጊዜም የታችኛው ነበር።»

በየማለዳው የሞቀው ምን ነበር? እጁን አየ። ግራጫ ሆኗል። ከኋላው የአራሷ ጥርስ ይንገጫገጫል።

*

ገል አንሥቶ ሮጠ። በሕይወቱ ገል ሲይዝ የመጀመሪያው ነው። ሰፈር ውስጥ እሳት አይጠፋም፤ ይህን ያህል ቤት እያለ እንዴት ይጠፋል እያለ ሮጠ። ከግቢው በር ሳይርቅ ሰዎች ወደ እሱ ሲመጡ አየ። ለእርዳታ መሰሉት። ሲቀርቡ የሁሉም እጅ ላይ ገል ነበረ። ባዶ ገል።

ከፊት የነበረችው አሮጊት እሱን ስታይ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏታል። «እርስዎም ገል ያዙ? ደግሞ ከማን ሊጭሩ ነው?» አለችው።

እሳት አላችሁ ወይ ብሎ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ጥያቄው አልገባቸውም። እኛ እኮ የምንጭረው ከእርስዎ ነው አሉት። ያዳፈነ አንድ ሰው የለም? የለም። ባልጩት መትቶ እሳት ሊያወጣ የሞከረ ነበረ፤ ሁሉ ነገር ርሶ ምንም አልያዘለትም። በዝናቡ መካከል ቆሞ የመንደሩን ጣራዎች አየ። ከአንዱም ጢስ አይወጣም። ይህን ሁሉ ቤት ያጠፋሁት እኔ ነኝ? አለ በልቡ።

ያን ጊዜ ነው ከገደሉ ማዶ፣ ከወንድሙ ጣራ ላይ ቀጭን ጢስ ያየው።

*

በገደሉ ሥር የሚያልፈው ውኃ እስከ ብብቱ ደረሰ። ከወንድሙ ደጅ ሲቆም ልብሱ እላዩ ላይ ተጣብቆ ነበር። ወንድምየው የቆዳ ጠፍር እየላገ ነው፤ አልተነሣም።

«እሳት ልጭር መጣሁ።»

«አንተ?»

«እኔ። ልጄ ወልዳ በብርድ ልትሞትብኝ ነው።»

ወንድምየው ጠፍሩን ጣለ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጣራው በሁለት በኩል ያፈሳል። ምድጃው ላይ ነበልባል የለም፤ ላዩ አመድ ብቻ ነው። የወንድሙ ሚስት አመዱን በጣቷ ገለል አደረገችው። ከሥሩ ቡጢ የምታህል ፍም፣ ቀይ። ለሁለት ከፈለቻት፤ ግማሿን በኩበት አቅፋ ገሉ ላይ አኖረችለት። እንዴት ሳትጠፋ ቆየች ቢላት፣ በእጄ ሳልነካት ተኝቼ አላውቅም አለችው።

ሊያመሰግን ሲጀምር ወንድሙ አቋረጠው። «ታርቀን ቢሆን ኖሮ እኔም ካንተ ስጭር ነበር የምኖረው። ይቺም ዛሬ አትኖርም ነበር።»

ባለጠጋውን የአመዱ ቅዝቃዜ እንኳ እንደዚህ አላስደነገጠውም። ፈጥኖ ወጣ። ገሉን ከራሱ በላይ አድርጎ ውኃውን ተሻገረ። አራሷ ሞቃ፣ አጥሚት ጠጥታ ዳነች፤ ሕፃኑም ዳነ። መንደሩም ከዚያች ፍም ጫረ። ባለጠጋው ራሱ ለእያንዳንዱ ሰው አካፈለ።

*

ጋሽ ተካልኝ መደገፊያውን ይዘው ተነሡ።

«እንግዲህ ልጄ፣ እሳቱ ዳታቤዝሽ ነው። ርካሹን አትውሰጂ፤ እሱ አንድ ምድጃ ነው፣ ጎርፍም አይቀርም። ውዱንም የመውሰድ ግዴታ የለብሽም፤ ቡጢ የምታህል ፍም መንደር ታቀጣጥላለች። መካከለኛው ይበቃሻል፤ ግን አራርቀው ስላስቀመጡልሽ ብቻ እንዳታምኚው። ባለጠጋውም አራርቆ ነበር። ዋናው ሲወድቅ ተጠባባቂው ለመነሣት ከዋናው የሚለምነው ነገር ካለ፣ ቁልፉም ይሁን የይለፍ ቃሉ ወይም የትናንቱ የመረጃ ቅጂ፣ የተከራየሽው ያንኑ እሳት ሁለቴ ነው። መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ መብራት ያሳዩሻል። እሱ ጢሱ ነው።»

ሐመልማል ታዲያ በምን ላውቅ እችላለሁ አለች።

«ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሥራው ላይ እያለ፣ ሆስፒታሎቹን አስጠንቅቀሽ፣ ዋናውን ራስሽ አጥፊው።»

ፊቷ ተለወጠ። «እንዴ፣ ጋሼ! ሰው ደም እየፈለገበት? ሌላው ባይነሣስ?»

«ይህን የምትፈሪ ከሆነ ያለሽ አንድ ምድጃ ነው።»

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጋሽ ተካልኝ አንድ ደረጃ ወጡና ዞረው አዩዋት።

«ድንጋጤሽ ደግ ነው፤» አሏት። «እሱ የደነገጠው አራስ አስተኝቶ ነው። አንቺ ማንም ምድጃው አጠገብ ሳይተኛ ደነገጥሽ። ርካሽ ፈልጊ አይደል ያሉሽ? ከዚህ ድንጋጤ የረከሰ የለም።»